ጭልሞን ከአንድ ቦታ ደጋግሞ ማንሳት

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል ካሜራ ይዞ ነበር። ያኔ የተነሱት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ከ140 ዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ተገኘላቸው።

የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ቦታዎቹን እየፈለጉ እንደገና አነሷቸው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የፊተኛው ቋጥኝ ከኋላው ተራራ ጫፍ ጋር ልክ በድሮው ፎቶ እንደሚታየው እስኪገጥም ድረስ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ማለት ነው። ውጤቱ ብዙዎች ያመኑበትን አናጋ፦ በበርካታ ቦታዎች የዕፅዋቱ ሽፋን ከድሮው ተሽሎ ተገኘ።

ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደንም እንዲህ ያለ ምስክር ይገባዋል። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው የአካባቢው ማኅበረሰብ እየተሳተፈበት የሚጠበቅ ሀብት ነው። እዚያ የሚነሳ ፎቶ ግን ቀንም ቦታም ሳይጻፍበት ስልክ ውስጥ ከቀረ ነገ ለማንም አይጠቅምም።

የአምቦና የጊንጪ ፎቶ አንሺዎች ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ጥቂት ቋሚ ቦታዎችን ይምረጡ፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ያንሱ፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ያስቀምጡ። ወጪው ትንሽ ነው። የደኑ ጠባቂዎችም ድካማቸው የት እንዳፈራ፣ የትኛው ጥግ እንደሳሳ በዓይናቸው ያያሉ።