በከተማ አስተዳደር ላይ የሚቀርብ የጉዳት ካሳ ክስና የይርጋ ጊዜው

ክዳን በሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ወይም የማስጠንቀቂያ ምልክት ባልተደረገበት የመንገድ ቁፋሮ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ የመጠየቅ መብቱ በጊዜ የተገደበ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 እንደደነገገው፣ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል ድርጊት የመነጨ ሆኖ የወንጀል ሕጉ የይርጋ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ግን ረዥሙ ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል።

ተጠያቂው ማን እንደሆነ አንቀጽ 2126 ይወስናል። ጥፋት የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ኃላፊ ነው። ጥፋቱ ከሥራው የመነጨ ከሆነ ተጎጂው በተጨማሪ መንግሥትን መጠየቅ ይችላል፤ የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም። አንቀጽ 2128 ይህንኑ ሥርዓት ለአካባቢ አስተዳደሮችም ያደርሳል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አቤቱታና ክስ አንድ አለመሆናቸው ነው። ለወረዳ ወይም ለክፍለ ከተማ የተጻፈ ደብዳቤ ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ ይርጋው መቆጠሩን አያቆምም። ይርጋን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስ ወይም ተጠያቂው ወገን ኃላፊነቱን ማመኑ ነው። ስለሆነም ተጎጂዎች የሕክምናና የፖሊስ ማስረጃቸውን በወቅቱ ይዘው፣ የአስተዳደሩን ምላሽ እየተጠባበቁም ቢሆን፣ 2 ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ክስ ሊመሠርቱ ይገባል።