ከጉሮሮ ወደ ልብ

አንድ ልጅ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል በብዙ ቤት የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። ዝንጅብል ይፈላለታል፤ ሕመሙ የጠና እንደ ሆነም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። ጉሮሮና ልብ ምን እንደሚያገናኛቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋር የምጫወተው ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የድምፅ መጎርነን ያለበት እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ፔኒሲሊንም አይረዳውም። ሌላው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህኛው በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት አለው፤ ሳል ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ቶንሲሉ አብጦ ነጭ ነገር ይለብሳል፤ ከመንጋጋ ሥር ያለው ንፍፊትም ሲነኩት ያማል። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ባትሪ አብርቶ ጉሮሮውን ቢያይና አንገቱን ቢዳስስ፣ ያለ ትልቅ መሣሪያም ብዙ ሊለይ ይችላል።

ታዲያ ልብን ምን አገባው? ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያሰልፈው ኃይል፣ በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተውና የገዛ አካሉን ይመታል። ጉሮሮው ከታመመ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ተራ በተራ እያበጡ ያማሉ። ይህም ሩማቲክ ፊቨር ይባላል፤ ይበልጡን የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በልብ ውስጥ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ፣ ደረጃ ሲወጣ በሚያለከልክ ተማሪ ወይም ስታረግዝ ትንፋሽ በሚያጥራት ወጣት ሴት ላይ ይታያል። እኛም መምህራን እንዲህ ያለውን ተማሪ «ሰነፍ ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት፣ ልቡ በማዳመጫ ይታይለት ዘንድ ለወላጆቹ መንገር ይገባናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከያው ቀላል ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን እስከ ዛሬ ይህን ባክቴሪያ ያሸንፈዋል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ሩማቲክ ፊቨርን ሊከላከል ይችላል። አንድ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል፤ የሚዋጥ ከሆነም 10 ቀን ሙሉ መውሰድ ያስፈልጋል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ቢጫወት እንኳ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት አሳብጦት ወይም ሽፍታ አውጥቶበት እንደ ሆነ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያሻል። እንጥል መቁረጥ ግን ባክቴሪያውን አያስወጣም፤ ይልቁንም ደም ያፈሳል፣ በቁስሉም ሌላ በሽታ ያስገባል።

ሩማቲክ ፊቨር አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለብዙ ዓመታት መርፌውን መወጋት አለበት። በሽታው በተመለሰ ቁጥር የልብን በር ይበልጥ ይጎዳልና፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ መቅረት ትልቅ አደጋ ነው።

እንግዲህ ዝንጅብሉን ያፍሉለት፤ አይከፋም። ነገር ግን ልጅዎ ትኩሳት ይዞት፣ ሳል ሳይኖረው መዋጥ ካቃተው፣ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።