የቤተ ሰብ ዓምድ፤ በሦስት ስንኝ የሚያልቅ ግጥም

በሸዋ ቤንች የምትማር ልጃችን ባለፈው መጋቢት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሀይኩ ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘች። ሀይኩ በጃፓን አገር የተጀመረ፥ በሦስት ስንኝ የሚያልቅ አጭር ግጥም ነው። ማታ ጽፋ ያሳየችን በረዶ ስለ ለበሰ ተራራ ነበር። «በረዶ የት አይተሻል?» ብላት፥ «በመጽሐፍ ነው፥ አባባ» ብላ አንገቷን ደፋች።

የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና መሆኑ የታወቀ ነው። አጭር መሆኗ ግን ቀላል አያደርጋትም፤ ቃል ማባከንን አትፈቅድምና። ከ1644 እስከ 1694 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖረው ማትሱኦ ባሾ የተመሰገነበት ሀይኩም እንዲሁ ነው። ልዩነታቸው፥ ጉባኤ ቃና ቤት ትመታለች፥ ወርቋንም በሰም ትሸፍናለች፤ ሀይኩ ግን ቤት ሳይመታ፥ የታየውን እንደ ታየ አስቀምጦ ዝም ይላል።

በጃፓንኛ 5፥ 7፥ 5፥ በጠቅላላው 17 ድምፅ ይቆጠራል። በእንግሊዝኛ ቆጠራው በፊደል ሳይሆን በአፍ ነው፤ «ኮፊ» የሚለው ቃል በስድስት ፊደል ቢጻፍም በአፍ ሁለት ብቻ ነው። ደግሞም የእንግሊዝኛው ድምፅ ከጃፓንኛው ስለሚረዝም፥ ብዙዎች ከ17 አሳንሰው ይጽፋሉ። ስለዚህ ጀማሪ ቁጥር ለመሙላት ብሎ ትርፍ ቃል አይጨምር። ወቅቱን የሚያመለክት አንድ ቃል ያግባ፤ ሁለት ነገሮችንም ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ይበቃዋል።

በማግሥቱ ልጄን ማልጄ ወደ ጓሮ ወሰድኋት። ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ በጥቂት ቀን ውስጥ ያብባል፤ አበባውም ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል። ዝናቡ ዘግይቶብን ሰንብቶ፥ ከወረደ ገና ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር። እርሷም በምታውቃቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈች፤ ትርጓሜው ይህ ነው፤

ከዝናቡ በኋላ፤
ቡናው ሁሉ ነጭ።
እናቴ ዝም ብላ ቆማለች።

ዝናቡ ከቀረ የቡናው ፍሬ እንደሚያንስ፥ የደብተርና የልብስ ወጪዋም ከዚሁ ቡና እንደሚወጣ ለልጆች አልነገርንም ነበር። እርሷ ግን የእናቷን ፊት ስታይ ኖሯል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ሲመጣ አስቀድማችሁ ስለ ሰዋስው አትቈጡት፤ «ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቋንቋው ስሕተት ቀስ ብሎ ይታረማል።