የመቃብር ድንጋይ ቀድሞ የተቀረጸለት ቋንቋ

በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም «ኮቦል» የሚል ስምና የበግ ግልገል ምስል የተቀረጸበት አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ። ከሥሩ የተቀበረ ሰው የለም፤ ኮቦል ሰው ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍበት ቋንቋ ነውና። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቋንቋውን ያዘጋጅ የነበረው ኮሚቴ ሥራው ቢጓተትበት፥ ከአባሎቹ አንዱ ሚስተር ሐዋርድ ብሮምበርግ ተማርረው ድንጋዩን አስቀረጹና የሥራው የበላይ ለነበሩት ለሚስተር ቻርልስ ፊሊፕስ ላኩላቸው። ድንጋዩ በሙዚየም ቀረ፤ ሞተ የተባለው ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ በብዙ ባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ሲሠራ ያድራል።

የተፈጠረበት ምክንያት ሊዘነጋ አይገባም። በዚያ ዘመን አንዱ ፋብሪካ ለሠራው ኮምፒዩተር የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያውን የለወጠ መሥሪያ ቤት የደመወዙንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን ፕሮግራም እንደገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። ወጪው ያሳሰበው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በሜይ ወር 1959 ባለፋብሪካዎችንና ተጠቃሚዎችን በፔንታገን ሰበሰበ። የሒሳብ ሊቋ ግሬስ ሆፐር ቀደም ብለው ያዘጋጁት ቋንቋም ለአዲሱ መሠረት ሆነ። በዲሴምበር 1960 አንድ ፕሮግራም ብዙም ሳይለወጥ በሁለት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች መሣሪያ ላይ ሠራ።

ትእዛዙ የሚጻፈው በተራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «አበልን በደመወዝ ላይ ደምር» እንደ ማለት ነው። ሊቃውንት ይህን ወሬ ማብዛት አድርገው ናቁት፤ የሆላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራማ በ1975 ኮቦልን ማስተማር እንደ ወንጀል ሊቆጠር ይገባዋል እስከ ማለት ደረሱ። ቃል ማብዛቱ እውነት ነው። ነገር ግን የገንዘብ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። ኮምፒዩተር በተፈጥሮው የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ የብር አንድ አሥረኛ የሆነችው አሥር ሳንቲም በዚህ አቆጣጠር ልክ ሆና አትጻፍም፤ ጥቂት ትጎድላለች ወይም ትተርፋለች። ኮቦል ግን እንደ ገንዘብ ያዥ በአሥር ቤት ይቆጥራልና ሳንቲሟ አትጠፋበትም። ሊቃውንቱ ደመወዝ ከፋይ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ፍርዳቸው ይለዝብ ነበር።

ቋንቋው በቆመበት የቀረም አይደለም፤ በ1968 ደንብ ወጣለት፥ በ1985 በብዙ ተሻሻለ፥ የመጨረሻውም ደንብ የወጣው በ2023 ነው።

እንግዲህ የሚያሳስበው የቋንቋው ማርጀት ሳይሆን የሚያውቁት ሰዎች ማለቅ ነው። በአፕሪል 2020፥ በኮሮና በሽታ ምክንያት ሥራ ያጣው ሕዝብ ለድጎማ በተጨናነቀ ጊዜ፥ የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ ጠየቁ። ብዙዎች ይህን ሰምተው በአሮጌው ቋንቋ ሳቁ። በበኩሌ ጥፋቱ የቋንቋው አይመስለኝም፤ አዋቂው ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ካልተዘጋጀ የትኛውም ቋንቋ እዚያው ይደርሳል።

ዛሬ ደግሞ አሮጌውን ፕሮግራም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ አዲስ ቋንቋ ይገልብጠው የሚሉ አሉ። ይገልብጠው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ስለ አንድ ሕግ ብሎ ያስገባት መስመር ለምን እንደ ገባች በፕሮግራሙ ውስጥ ካልተጻፈ፥ ገልባጩ ከየት ያመጣዋል? ቃሉ ይሻገራል፤ ምክንያቱ ይቀራል።

በእኔ አሳብ፥ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የወረሰ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት መስመር ከመለወጡ በፊት፥ ጡረታ የሚወጣውን ሰው ከወጣቱ ጋራ ቢያንስ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥ፤ ወጣቱም ይጠይቅ፥ የሰማውንም ይጻፍ። ለአንድ ሥራ የሁለት ሰው ደመወዝ ሊከፈል ነው የሚል ተቃውሞ ከሒሳብ ክፍል እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይከፈል።