ማዕቀብ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍተን ስናዳምጥ «ማዕቀብ ተጣለ»፣ «ማዕቀብ ተነሳ» የሚል ወሬ የማንሰማበት ሳምንት የለም። በቀደም ዕለት አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ለመሆኑ ማዕቀብ ይሠራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ምክንያቱም በዚህ ጥያቄ ላይ ምሁራኑ ራሳቸው አልተስማሙም። የማውቀውን ያህል ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዕቀብ ማለት ጥይት ሳይተኮስ አንድን መንግሥት አስጨንቆ ሐሳቡን ለማስቀየር የሚጣል ቅጣት ነው። ንግድ ይከለከላል፣ ብድር ይቆማል፣ መሣሪያ አይሸጥም፣ የባለሥልጣናት ገንዘብ በባንክ ይታገዳል።

የእኛን አገር ታሪክ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው የ1935ቱ ነው። ጣሊያን ኦክቶበር 3 ቀን ኢትዮጵያን ወረረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ጥፋተኛ ናት ብሎ ከኖቬምበር 18 ጀምሮ ማዕቀብ ጣለባት። ዕቃዋ እንዳይገዛ፣ ብድርና መሣሪያ እንዳይሰጣት ተባለ። ነገር ግን ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከዝርዝሩ ውጪ ሆነ። የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቿ ክፍት እንደሆነ ቀረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳንገፋው ብለው ፈርተው ነበር። ሮም ውስጥ ደግሞ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጦርነቱ ሰጡ፤ ከፊት የቀደመችው ንግሥቲቱ ናት። ቅጣቱ ሕዝቡን ከሙሶሊኒ ያርቃል ሲባል ጭራሽ አቀራረበው። ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። ጁን 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማዕቀቡ ተነሳ፤ ወራሪው ግን አገራችን ውስጥ ነበር።

ታዲያ ማዕቀብ አይሠራም ማለት ነው? እንደዚያ ማለት አይቻልም። ያኔ የተጣለው ዋናውን ነገር ያልነካ ማዕቀብ ነበር።

ወደ ጥናቱ እንምጣ። ሃፍባወር፣ ሾትና ኤልየት የተባሉ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የነበሩ 115 ማዕቀቦችን መርምረው፣ በ1990 ባወጡት እትም 40ው ማለትም ከሦስት አንዱ ያህል ተሳክቷል አሉ። በ1997 ሮበርት ፔፕ የተባለ ምሁር ያንኑ 40 እንደገና አርሞ 5ቱን ብቻ አሳለፈ። ከቀሩት ውስጥ በ18ቱ ውጤቱን ያመጣው የጦር ኃይል ነው፣ በ8ቱ ደግሞ የተቀጣው መንግሥት እሺ ለማለቱ ማስረጃ የለም አለ። ፈተና የምናርም ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፦ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ማርኩ እንደ አራሚው ይለያያል። ስለዚህ «ማዕቀቡ ተሳካ» ሲባል ስትሰሙ ማን እንዳረመው ጠይቁ።

ቅርባችን ያለውን እንይ። ጁላይ 1996 ሜጀር ፒየር ቡዮያ ቡሩንዲ ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ፣ ጎረቤት አገሮች አሩሻ ላይ ተሰብስበው ማዕቀብ ጣሉ። ቡሩንዲ ወደብ የላትም፤ ዕቃዋ የሚያልፈው በእነሱው መንገድ ነው። በሴፕቴምበር ቡዮያ ፓርላማውንና ፓርቲዎችን መልሰው ፈቀዱ። በ1998 ድርድር ተጀመረ፣ በጃንዋሪ 1999 ማዕቀቡ ተነሳ፣ በኦገስት 2000 የአሩሻ ስምምነት ተፈረመ። ጎረቤት ከተባበረ ማዕቀብ ይነክሳል ማለት ነው። ግን በመካከሉ የነዳጅና የሸቀጥ ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ ኮንትሮባንድ ደራ። ከኮንትሮባንዱ ያተረፈው ወገን ያለው ሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ገበሬው ነው።

ኢራቅ ደግሞ ከኦገስት 1990 ጀምሮ ከሁሉም የከበደ ማዕቀብ ተጣለባት። የመምህር ደመወዝ የጥቂት ዶላር ሆነ። ሳዳም ሁሴን ግን በ2003 ጦር እስኪገባ ድረስ ከሥልጣናቸው አልተነሱም። ያኔ ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት በማዕቀቡ ምክንያት ሞቱ የሚል ቁጥር በዓለም ተነገረ። በ2017 የወጣ ጥናት ግን ቁጥሩ የተወሰደበትን መረጃ የኢራቅ መንግሥት እንዳጭበረበረው አሳየ። የሕዝቡ መከራ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። መከራውን ራሱ መንግሥት ለፖለቲካው ይነግድበታል ማለት ነው።

«ይህ የመሪዎች ጉዳይ ነው፣ እኛ ስደተኞችን ምን አገባን?» የሚል ካለ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ኖቬምበር 2001 አሜሪካ አል-በረካት የተባለውን የሶማሊያውያን ሐዋላ ሽብርተኞችን ይረዳል ብላ ዘጋች፣ ገንዘቡም ታገደ። ዘመድ ለዘመድ የላከው ብር መንገድ ላይ ቀረ። በ2004 በአሜሪካ የሴፕቴምበር 11 መርማሪ ኮሚሽን ባልደረቦች ያወጡት ጥናት ክሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጸ። ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልነግረው አያስፈልግም።

ከእነዚህ ስሕተቶች ትምህርት ተወስዷል። በአገር ሙሉ ፈንታ በተመረጡ ሰዎች ጉዞና ገንዘብ ላይ የሚጣል ማዕቀብ በዛ። በዲሴምበር 2022 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2664 የተባበሩት መንግሥታት የገንዘብ እገዳ የሰብዓዊ ዕርዳታን እንዳይከለክል ወሰነ። ነገር ግን ባንኮች «ጣጣ ውስጥ ከምንገባ ይቅርብን» ብለው የተፈቀደውንም ገንዘብ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ «አዎ» ወይም «አይ» አይደለም። አራት ጥያቄ ነው የምሰጠው፦ የተጠየቀው ነገር ትንሽ ነው ወይስ መንግሥቱን ሥልጣን ልቀቅ ነው? ጎረቤቶቹ ተባብረዋል ወይ? የተከለከለው መንግሥቱ በእርግጥ የሚፈልገው ነገር ነው ወይስ እንደ 1935ቱ ነዳጁ ተትቷል? አራተኛው ደግሞ ዋናው ነው፦ ዳቦው የሚያንሰው በማን ቤት ነው? ጥያቄ የቀረበለት መንግሥት ትንሽ እሺ ብሎ የሚወጣበት በር ካገኘ እንደ ቡሩንዲ ድርድር ሊመጣ ይችላል። በሩ ከተዘጋበት ግን ሕዝቡን አስርቦ እሱ ይቆያል።

የሚቀጥለውን የማዕቀብ ዜና ስትሰሙ እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ አዳምጡ። ቸር እንሰንብት።