ከ12ኛ ክፍል ፈተና ማግስት፦ ላስታ ላይ ሆኖ ሲታሰብ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አንድ ሳምንት ያህል የሚቆይ ሞቅ ያለ ክርክር ይነሳል። ስንት አለፈ? አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች የት የት ናቸው? ጥፋቱ የመምህሩ ነው፣ የተማሪው ወይስ የሥርዓተ ትምህርቱ? ሳምንቱ ሲያልቅ ክርክሩም ይበርዳል። ያላለፈው ወጣት ግን እዚያው ባለበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግሁት ለምን ወደቁ የሚለውን ጥያቄ አይደለም። እሱን ብዙዎች ጽፈውበታል። የእኔ ጥያቄ ስለ ዕቅድ ነው። በእኔ እምነት ተማሪውም፣ ቤተሰቡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መንግሥትም የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት የሚያቅዱት ፈተናው ድረስ ብቻ ነው። ከፈተናው ማግስት ያለውን ቀን ያቀደ የለም። ይህ ጉድለት በአዲስ አበባ ብዙም ላይታይ ይችላል። እንደ ላስታ ባለ አካባቢ ግን ወገብ የሚያጎብጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያሉትን አራት ዙሮች እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ይህም 8.4 በመቶ ነው።

መሻሻል መኖሩን መካድ አይገባም። ያለፉት ቁጥርም በእርግጥ ጨምሯል። ይሁንና የተፈታኙ ቁጥር በእነዚህ ዓመታት ከ300 ሺሕ በላይ መቀነሱን ሳያዩ መቶኛውን ብቻ ማየት ያሳስታል። አራቱን ዙር ብንደምር ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ተፈታኝ ተቀምጦ ያለፈው 142 ሺሕ ገደማ ነው። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ የተቀመጠ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከሃያ ተፈታኞች አሥራ ዘጠኙ ግማሽ ነጥብ አላመጡም እንደማለት ነው።

የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናውን ከኩረጃ ለማጽዳት የወሰዱት እርምጃ ትክክል ነው ብለው ከሚያምኑት አንዱ ነኝ። የተሰረቀ ውጤት ይዞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ውድቀቱን ለሦስትና ለአራት ዓመት ማስተላለፍ እንጂ ማስቀረት አልነበረም። ነገር ግን ፈተናውን ማጥበቅ አንድ ሥራ ነው፤ በጠበበው በር ላላለፈው ሌላ በር መክፈት ደግሞ ሌላ ሥራ። የመጀመሪያው በአንድ ዓመት ተሠራ። ሁለተኛው ዛሬም ይጠበቃል።

ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ መፈተኛ አዳራሽ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን፣ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በፊት፣ በዛጉዌው ንጉሥ ዘመን በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነፀ ድንቅ ሥራ ነው። ጎብኚ አይቶት አድንቆ ይመለሳል። በዙሪያው ባለው ደጋ ያለ ገበሬ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ምን ያህል እንደሚከፍል የሚጠይቅ ጎብኚ ግን ብዙ አይደለም።

ወጪው ቀላል አይደለም። እንዲህ ባሉ ገጠሮች ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ከተማ ወርዶ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ይከራያል። ስንቁ፣ በሶውና ቆሎው ከቤት ይሄድለታል። ስንቁ ሲያልቅ በእግሩ ወደ ቤት ይመለሳል፤ አጨዳና ውቂያ ሲደርስም የቤተሰቡ ጉልበት ነውና ከትምህርት ገበታ ይቀራል። አራት ዓመት የቤት ኪራይ፣ አራት ዓመት የደብተርና የልብስ ወጪ ሲደመር ፍየልና በግ ያሸጣል፤ አንዳንዴም በሬ።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ስትለዋወጥ ቆይታለች። ኅዳር 2014 ላይ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያሉ እኩዮቻቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጡ የሰሜን ወሎ ልጆች በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ተነፈስን ሲባል ሐምሌ 2015 ላይ የክልሉ ግጭት ፈነዳ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተገልጿል። ከእነዚህ ዓመታት አልፎ 12ኛ ክፍል የደረሰ የላስታ ልጅ መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ልጅ ግማሽ ነጥብ ሳያመጣ ሲቀር ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በእጁ የሚይዘው ሙያ የለም።

የተዘጋው በር

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተዘረጋው ነው። በዚያ ሥርዓት 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፤ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ወይም የመምህራን ኮሌጅ ይሞክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌያቸው ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ በላይ ደረሰ። ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ብዙ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው ከአካዳሚክ ትምህርት አስወጥቷል የሚለው ወቀሳም እውነት ነው። ቢያንስ ግን ሹካ መንገድ ነበረው።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እስከ 12ኛ ክፍል እንዲቀጥል ተደረገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ 10ኛ ክፍል ላይ የነበረው ሹካ መንገድ ሲነሳ ወደ 12ኛ ክፍል በቅጡ አለመዛወሩ ነው። ዛሬ ልጁ ሁለት ዓመት ጨምሮ ይማራል፤ ቤተሰቡም ሁለት ዓመት ጨምሮ ይከፍላል፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም በአንድ በር ላይ ይጋፋል።

ከዚያስ በኋላ?

በወረቀት ላይ አማራጭ አለ። የመጀመሪያው በ2015 የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የምንለው ነው። ይህ ግን ከወደቁት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ላመጡት እንጂ ለሁሉም አይደለም። ዩኒቨርሲቲ መግባትም ቢሆን የመጨረሻው መድረሻ መሆኑ ቀርቷል። ሐምሌ 2015 ላይ በተሰጠው የመጀመሪያ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ችግር አመለካከት ነው። ብዙ ቤተሰብ ቴክኒክና ሙያን የሚያየው የወደቀ ልጅ ማረፊያ አድርጎ ነው። ልጁም የሚያስበው ከወደቀ በኋላ፣ ምዝገባው ሊያልፍ ሲል፣ ምን ዓይነት ሙያ የት እንደሚሰጥ ሳያውቅ ነው።

ሦስተኛው በላሊበላ ዙሪያ የተለመደው ቱሪዝም ነበር። አስጎብኚነት፣ ሆቴልና እደ ጥበብ ብዙ ወጣት ይዘው ነበር። በ2012 ኮቪድ፣ ከዚያም ጦርነቱ ይህን ዘርፍ አደቀቀው። በቱሪዝም ላይ ብቻ ዕቅድ ማቆም አደገኛ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

አራተኛውን ማንም በዕቅድ አይጽፈውም፤ በየዓመቱ ግን ይፈጸማል። ከሰሜንና ከደቡብ ወሎ በአፋርና በጂቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው መንገድ ነው። ዕቅድ የሌለው ወጣት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደላላው ያቅድለታል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕቅዱ ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል ይጀምር። ተማሪው 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመርጥ፣ በዚያ ምርጫ ባያልፍ የትኛው ሙያ እንደሚቀርበው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንድ መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ መስከረም ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ካለፍኩ ምን እማራለሁ? ሪሚዲያል ከደረሰኝ ማን ይደግፈኛል? ሁለቱም ካልሆኑ በየትኛው ሙያ፣ የት፣ በስንት ብር እሠለጥናለሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ ይመልስ። የሚሸጠው በሬ የእነሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ የሙያ ሥልጠናው ከአካባቢው ጋር ይገናኝ። የላስታ አብያተ ክርስቲያናት ጥገና ይሻሉ። የፈረንሣዩ ፕሬዝዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በመጋቢት 2011 ላሊበላን ጎብኝተው ለጥበቃው ድጋፍ ቃል ከገቡ ወዲህ ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት አግኝቷል። ድንጋይ የሚያክም፣ እንጨትና ኖራ የሚያውቅ፣ ሥዕል የሚጠብቅ ባለሙያ ሁልጊዜ ከውጭ ሲመጣ ሊኖር አይገባም። ይምርሐነ ክርስቶስን ያነፁት ባለሙያዎች ነበሩ። ሙያን የወደቀ ልጅ ዕጣ አድርጎ ማየት ከየት እንደመጣብን ላስታ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ግራ ያጋባል።

አራተኛው ለእኛ ለከተሜዎቹ ነው። ብዙዎቻችን ገጠር ያለ የወንድም ወይም የእህት ልጅ አለን፤ የቤት ኪራዩንም የምንልክለት እኛ ነን። ስንደውል የምንጠይቀው «ጥናት እንዴት ነው?» ብለን ነው። በርታ ማለት መልካም ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አንድ በሆነ ዕድል ውስጥ ላለ ልጅ ግን ይህ ብቻ ሲነገረው፣ በወደቀ ዕለት ስልክ ማንሳት ያፍራል፤ ምክር በሚያስፈልገው ሰዓትም ከእኛ ይርቃል። ገና መስከረም ላይ «ነጥብ ባይመጣልህስ ምን አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሟርት አይደለም። ያኔ የሰማው ጥያቄ፣ ውጤቱ በመጣ ዕለት ከደላላው በፊት ለእኛ እንዲደውል ያደርገዋል።