ርዕሰ አንቀጽ፦ በማን ክንድ?

ጨርቅ በክንድ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክንድ እንደ ባለቤቱ ያጥራል፥ ይረዝማል። ይህ የገበያ ችግር በላቦራቶሪም እንዳለ ሲነገር ግን የሚደነግጥ ብዙ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በአይጄም የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ውድድር የተሰለፉ የተማሪ ቡድኖች፥ በ88 ተቋማት ሆነው አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ይኸውም ባክቴሪያ ውስጥ የገቡ ሦስት የጂን ቅንብሮች የሚሰጡትን ብርሃን መለካት ነው። ውጤቱ ሲሰበሰብ ብርሃኑን በጋራ መለኪያ ሊገልጹ የቻሉት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። ስለዚህ ንጽጽሩ አንዱን ቅንብር ለሌላው በማካፈል እንጂ በቁጥሩ በራሱ ሊሆን አልቻለም።

ጉድለቱ ግን አልተደበቀም፤ ታትሞ ወጣ። በ2018 ዓ.ም. ውድድርም 244 ላቦራቶሪዎች የባክቴሪያን ብዛት መገመቻ ሦስት ዘዴዎች አነጻጸሩ። ብዛታቸው የታወቀ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶችን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ መሣሪያውን ማስተካከል ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር እንዲስማማለት ደብተሩን ፍቆ የማያውቅ ከመካከላችን ማነው? የምንፈራው ማርክ እንዳይቀነስ ነው። ነገር ግን ያ የተፋቀው ቁጥር፥ ስሕተቱ የመሣሪያው ይሁን የእጃችን ሊነግረን የሚችል ምስክር ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፥ ያየነውን እንጻፍ፤ የየቡድኑንም ቁጥር በአንድ ሰሌዳ ላይ እናስተያይ። የተከበራችሁ መምህራንም፥ ማርኩን ከመጽሐፉ ለተስማማው ሳይሆን ልዩነቱን ለመረመረው ስጡልን። የክንድ ማጠር አያሳፍርም፤ ሳይለኩ ረዥም ነው ማለት ግን ያሳፍራል።